ሽንሽኑ ቲማቲም እንጅባራ ሲገባ

ውብአየሁ ከዳንግላ ወደ እንጅባራ የመጣችው በትዳር ነው። ጊዜው 2003 ዓ.ም.፣ ፋሲካ ካለፈ በኋላ ነበር። ዕድሜዋ ሠላሳዎቹ አጋማሽ ላይ ደርሷል። የመጀመሪያ ትዳሯ በልጅነቷ ተጀምሮ በልጅነቷ የፈረሰ ስለነበር፣ የሁለተኛውን ነገር ሲያነሱባት “ይኼን እኔው አይቼ፣ እኔው መርጬ ነው ያገባሁት” ትላለች። ዕቃዋ የተጫነበትን አይሱዙ ሩቡን እንኳ አልሞላም። ሁለት ትልልቅ ድስት፣ ቁም ሳጥን፣ ፍራሽና አንድ ሻንጣ ነበር። ሻንጣው ውስጥ፣ ከልብሶቿ መሐል፣ የአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ጨርቁ ላይ የቲማቲም ዘር ተጣብቆ ደርቆበታል።

ዘሩ የእናቷ ነው። እናቷ በሕይወት ሳሉ ዳንግላ መናኸሪያ አጠገብ ትንሽ ምግብ ቤት ነበራቸው። ከምግብ ቤቱ ጀርባ ጓሮ አለ፤ ጓሮው ውስጥ በየዓመቱ ከመስከረም ጀምሮ ቲማቲም ይተከላል። ከሌላው ቲማቲም ጋር የሚመሳሰል አልነበረም። ትልቅ ነው፤ ጎኑ ዙሪያውን እንደ ሽንሽን ቀሚስ የታጣጠፈ፣ ሲበስል ከቀይ ይልቅ ወደ ጽጌረዳ የሚያደላ። ቆዳው ስስ ነው። ሲቆረጥ ውኃው ትንሽ፣ ሥጋው ብዙ ነው። ደንበኞች “ሽንሽኑን አምጪልኝ” እያሉ በስሙ ያዙት ነበር። እናትየው ዘሩን ያገኙት ከአንዲት መነኩሲት እጅ ነው ይባላል። መነኩሲቷ ከየት እንዳገኙት ግን የሚያውቅ የለም። በየዓመቱ ካማረው ፍሬ ዘሩን አውጥተው፣ ዝልግልጉ እስኪለቅ ውኃ ውስጥ አቆይተው፣ ካጠቡ በኋላ ጨርቅ ላይ አስጥተው ያደርቁታል። ሲሞቱ ምግብ ቤቱም፣ ጓሮውም፣ ዘሩም ለሁለት ሴት ልጆቻቸው፣ ለውብአየሁና ለታናሽ እህቷ ለወርቅነሽ ቀረ።

ይኸነው ወደ ምግብ ቤቱ የመጣው ለሥራ ነበር። እንጅባራ ያደገ አናጢ ነው፤ ሚስቱ ከሞተችበት ቆይቷል። የተናጉ ጠረጴዛዎችን እንዲጠግን ተጠርቶ መጣ፤ ምሳ ሰዓት ላይ የቲማቲም ሰላጣ ቀረበለት። ሁለተኛ ሳህን አዘዘ። በሳምንቱ አንድም የተናጋ ጠረጴዛ ሳይኖር ተመልሶ መጣ። ዝምተኛ ሰው ስለሆነ የመጣበትን ለመናገር ጊዜ ወሰደበት። ውብአየሁ ግን ቁመቷ አጭር፣ ድምፅዋ ረጅም ነው፤ “ጠረጴዛው ደኅና ነው፤ አንተ ምን ሆነህ ነው?” ብላ ራሷ ጠየቀችው።

በዚህ ዓይነት ተጋቡ። ምግብ ቤቱን ለእህቷ ትታ፣ ይኸነው ከእናቱ ጋር ወደሚኖርበት ግቢ ገባች።

የይኸነው እናት እማማ ሸጋ ይባላሉ። ቀጭን፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ፣ ቁጥብ ሴት ናቸው። አማርኛ አሳምረው ይናገራሉ፤ ሲናደዱና ሲጸልዩ ግን ወደ አገውኛቸው ይመለሳሉ። ግቢው ሰፊ ነው፤ ዙሪያው እንደ አገሩ ልማድ በጥቁር ድንጋይ የተካበ፣ ከላይ ወደ ታች በመጠኑ የሚያዘቀዝቅ። ጓሮው የእሳቸው ግዛት ነው፤ ድንች፣ ጎመን፣ ባቄላ፣ ከላይ በካቡ ሥር ደግሞ ነጭ ሽንኩርት።

ውብአየሁ ገና ሳምንት ሳይሞላት ጨርቋን ፈታ አሳየቻቸው።

“እማማ፣ ይኼን የት ብተክለው ይሻላል?”

“ምንድነው?”

“ቲማቲም።”

እማማ ሸጋ ሳቅ አሉ። “እዚህ አገር ቲማቲም የሚመጣው በመኪና ነው።”

“እኔም በመኪና ነው የመጣሁት” አለች ውብአየሁ። “ከእንግዲህ ግን እዚሁ ነኝ።”

እማማ ሸጋ ከዚያ በኋላ ምራታቸውን አተኩረው ያይዋት ጀመር።

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ ውብአየሁ በዳንግላ ልማዷ ችግኝ አፈላች። ጥቅምት ላይ ከግቢው ታች፣ ከጉድጓዱ አጠገብ፣ አፈሩ ጥቁርና ጥልቅ የሆነበትን ቦታ መርጣ ተከለች። ውኃ ቅርብ ነው፤ ፍግ ሞልቷል። እማማ ሸጋ ስትተክል ቆመው አይተው “እዚያስ አትትከይ” አሏት። ውብአየሁ ግን ለድንቻቸው የሚሳሱ መሰላት፤ “አይ እማማ፣ ድንቹን አልነካም” ብላ ቀጠለች።

ችግኙ አማረበት። በኅዳር መጨረሻ ገና አበባ ሊይዝ ሲል፣ አንድ ጠዋት ስትወጣ ሣሩ ላይ አመዳይ ነጭ ሆኖ ተኝቷል። ፀሐይ ስትወጣ አመዳዩ ሟሟ። ቲማቲሙ ግን የተቀቀለ ጎመን መስሎ፣ ቅጠሉ ጠቁሮ፣ መሬት ላይ ተዘርሯል። ከመደቡ ዳር እስከ ዳር አንድም የተረፈ የለም።

እማማ ሸጋ ጋቢያቸውን ተከናንበው አጠገቧ መጥተው ቆሙ።

“ብርድ እንደ ውኃ ነው” አሉ። “ወደ ታች ይፈሳል። እዚህ መጥቶ ይተኛል። ነግሬሽ ነበር።”

“አልነገሩኝም። ‘አትትከይ’ ነው ያሉኝ፤ ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም።”

“አልጠየቅሽኝማ።”

እውነታቸውን ነው። ውብአየሁ የሞተውን ነቅላ ፍግ ላይ ጣለችውና ወደ ሥራዋ ሄደች። በዚያን ጊዜ ሚኒባስ መቆሚያው አጠገብ አንድ ክፍል ተከራይታ ቁርስ ቤት ከፍታ ነበር፤ ጠረጴዛዎቹን የሠራላት ይኸነው ነው። ማታ ይኸነው “አዘንሽ?” ብሎ ሲጠይቃት፣ “ለምን አዝናለሁ? ጠላቴን አወቅሁት። ውርጭ ነው። ውርጭ የማይኖርበት ጊዜ እተክላለሁ” አለችው።

በሚቀጥለው ሚያዝያ የቀረውን ዘር አወጣች። ይኸነው ጨርቁን እያየ፣ “ሁሉንም አትጨርሺው፤ ከፊሉን ብታስቀሪ አይሻልም?” ቢላት፣ “ዳንግላ እህቴ ጋር ሞልቶ የለም እንዴ!” አለችና እየፈቀፈቀች ሁሉንም ዘራችው።

ቲማቲሙ እንደዚያ ሲያድግ አይታ አታውቅም። ከዝናቡ ጋር ተመዘዘ፣ ወገብ ደረሰ፣ ትከሻ ደረሰ። ሰኔ ላይ በየዘለላው ጡጫ የሚያክል አረንጓዴ ፍሬ ያዘ። ውብአየሁ ቁርስ ቤት ለመጣ ሁሉ “ሐምሌ ላይ የእንጅባራ ቲማቲም አበላችኋለሁ” እያለች አወጀች። ደንበኞቿም በቀልድ “ቲማቲሟ” ይሏት ጀመር።

ከዚያ የእንጅባራ ክረምት መጣ። ቀኑን ሙሉ ዝናብ፤ ዝናቡ ሲያባራ ጉም። በቅጠሎቹ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ወጣ። ግንዱ ጠቆረ። አረንጓዴው ፍሬ ከላይ በኩል እየበሰበሰ ይወድቅ ጀመር። የድንች ገበሬዎች የሚያውቁት ነገር ነው፤ “ምች መታው” ይሉታል። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ከዚያ ሁሉ ደን የቀረው የጠቆረ እንጨት ብቻ ሆነ። ለዘር የምትሆን አንዲት የበሰለች ፍሬ እንኳ አላገኘችም።

“ቲማቲሟ፣ ሐምሌ ደረሰ እኮ!” አለ አንዱ ደንበኛ፣ ፉል እየጠበቀ።

“የትኛው ሐምሌ እንደሆነ አልነገርኩህም” አለችና ፉሉን አቀረበችለት። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች። ጓዳ ስትገባ ግን ድስቱን ከሚገባው በላይ ጮክ አድርጋ አስቀመጠችው።

ጥቅምት ላይ ዘር ልታመጣ ዳንግላ ሄደች። ከመናኸሪያው ወርዳ፣ የጋሪዎቹን ተራ አልፋ፣ ወደ ምግብ ቤቱ ገባች። እህቷ ወርቅነሽ እቅፍ አድርጋ ሳመቻት፤ ምሳ አቀረበችላት። ሳህኑ ላይ የተቀመጠው ቲማቲም እንቁላል የሚመስል፣ ጎኑ ልሙጥ፣ ቆዳው ወፍራም ነው። ውብአየሁ ሹካዋን አስቀመጠች።

“ይኼ ምንድነው?”

“ቲማቲም ነዋ።”

“የእማዬስ?”

ወርቅነሽ ተነሥታ ወደ ጓሮው የሚያወጣውን በር ከፈተች። ጓሮው በደንብ ተይዟል፤ በመስመር የተተከለ፣ አጭር አጭር፣ እኩል እኩል ችግኝ። ከሱቅ የተገዛ ዘር ነው።

“ከሄድሽ ጀምሮ እሱን ነው የምተክለው” አለች። “የእማዬ ቆዳው ስስ ነው። ከጓሮ ወደ ገበያ ሳይደርስ ይፈርጣል። ይኼ ሳምንት ይቀመጣል፤ የተረፈኝን እሸጠዋለሁ።”

“ዘሩንስ? ዘሩን እንኳ አላስቀመጥሽም?”

“አንድ ጨርቅ ነበረ። አይጥ በላው።”

“ወርቅነሽ! የእናታችንን ዘር አይጥ በላው ብለሽ ትነግሪኛለሽ?”

ወርቅነሽ ፊቷ ቀላ። “አንቺ አግብተሽ ሄድሽ። እኔ ነኝ እዚህ የቀረሁት። ብቻዬን አበስላለሁ፣ ብቻዬን አስተናግዳለሁ፣ ጓሮውንም ብቻዬን እቆፍራለሁ። ዘሩን ይዘሽ ሄደሻል አይደል? የት አደረስሽው?”

ውብአየሁ ምሳውን ሳትጨርስ ተነሣች። በሚኒባሱ መስኮት በኩል የአዲስ ቅዳም ከተማ እስኪታለፍ ፊቷን ወደ ውጭ አዙራ አለቀሰች። ያስለቀሳት የእህቷ ነገር ብቻ አልነበረም። ስታገባም፣ አገር ስትለቅም እርግጠኛ ነበረች፤ ዘሩንም እስከ መጨረሻዋ ፍሬ የዘራችው እርግጠኛ ሆና ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ በእርግጠኛነቷ አፈረች።

ቤት ስትደርስ እማማ ሸጋ ባቄላ እየፈለፈሉ ነበር። ፊቷን አይተው “ምን ሆንሽ?” አሏት። ተቀምጣ ሁሉንም ነገረቻቸው። እማማ ሸጋ ሰምተው ሲጨርሱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

“ጨርቁን ጥለሽዋል?”

“አልጣልኩትም። የእማዬ ነጠላ እኮ ነው።”

“አምጪው።”

አመጣች። እማማ ሸጋ ጨርቁን ወደ ብርሃን ዘርግተው በጣታቸው ዳበሱት። በነጠላው ጥለት በኩል የታጠፈና የተሰፋ ጠርዝ አለ። እሱን ሲያገላብጡት ከስፌቱ ሥር የተጣበቁ ጥቂት ዘሮች ብቅ አሉ። ውብአየሁ ስትፈቀፍቅ ያላየቻቸው ናቸው። ስፌቱን በመርፌ ፈትተው ለቀሙት፤ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ የማይሞላ ነገር ሆነ።

“ዘንድሮ” አሉ እማማ ሸጋ፣ “መጀመሪያ ትጠይቂያለሽ፤ ከዚያ ትተክያለሽ።”

“እሺ እማማ። ውርጩ እዚህ የሚያቆመው መቼ ነው?”

“የካቲት ከገባ አይወድቅም። ቢወድቅም ታች ብቻ ነው።”

“ላይስ? ካቡ ሥር?”

እማማ ሸጋ ወደ ካቡ ቀና ብለው አዩ። ካቡ ሥር ያለው የነጭ ሽንኩርታቸው መደብ ነው። ጥቁሩ ድንጋይ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ማታ ቀስ እያለ ይመልሳል፤ በጓሮው ውስጥ እንደዚያ የሚሞቅ ቦታ የለም። ለዚህም ነው ለማንም የማይሰጡት። ባቄላቸውን እየፈለፈሉ “ሽንኩርቱ ጥር ላይ ይነቀላል” አሉ።

ዝናቡን በተመለከተ የረዳቻት ሃና ናት። ሃና ከተማው ውስጥ የምትሠራ የግብርና ባለሙያ ስትሆን ጠዋት ጠዋት ቁርስ ቤቱ ትመጣለች። ውብአየሁ እንቁላል ፍርፍር እያቀረበችላት የምቹን ነገር አነሣችባት።

“ምች የሚይዘው ቅጠሉ እርጥብ ሆኖ ሲውልና ሲያድር ነው” አለች ሃና። “ውኃውን ሥሩ ላይ ብቻ አድርጊ። መሬት የሚነካውን ቅጠል ቁረጪው። ዝናቡ ሲጀምር ደግሞ ከላይ ላስቲክ ወጥሪበት፤ ጎኑን ክፍት ተይው፣ ነፋስ ይግባበት። ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ እዚህ ከፍታ ላይ በዚህ ዓይነት ትልቅ ቲማቲም የሞከረ ሰው አላውቅም።”

“እንግዲያው አታውቂም ማለት ነው እንጂ አይሆንም ማለት አይደለም” አለች ውብአየሁ።

ሃና ሳቀች። “ልክ ነሽ። እኔም ማየት እፈልጋለሁ።”

ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ውብአየሁ ዘሩን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ምድጃው አጠገብ፣ ሙቀት በማይጠፋበት ቦታ አኖረችው። የመጀመሪያው ሳምንት አለፈ፤ ምንም የለም። በሁለተኛው ሳምንት ስትፈታው አንዳንዶቹ ነጭ ክር የመሰለ ሥር አውጥተዋል። ጮኸች። ይኸነው አንድ ነገር የነደፋት መስሎት እየሮጠ ገባ። የበቀሉትን በየወተት ጣሳው ተከለቻቸውና መስኮት ላይ ደረደረቻቸው። ቀን ቀን ፀሐይ ወዳለበት ታወጣቸዋለች፤ አመሻሽ ላይ ደግሞ ታስገባለች። ቁርስ ቤት ስትሆን ይህን የሚያደርጉት እማማ ሸጋ ናቸው። አንዳንዴ ከጣሳዎቹ ጋር በአገውኛ ሲነጋገሩ ትሰማቸዋለች። “ምን ይሏቸዋል?” ብላ ጠየቀቻቸው። ነገሯት። መልሳ አለችው፤ አነጋገሯ አሳቃቸው። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ጓሮ ሲሆኑ አገውኛ፣ ቤት ሲገቡ አማርኛ መነጋገር ልማዳቸው ሆነ።

የካቲት ሲጋመስ ችግኞቹ በካቡ ሥር ተተከሉ። ይኸነው ከባሕር ዛፍ ችካል አዘጋጀላቸው። መጋቢት ላይ አበቡ። ሚያዝያ ላይ ፍሬ ያዙ። የበልጉ ዝናብ ሲጀምር ይኸነው በችካሎቹ ላይ ላስቲክ ወጠረ፤ ዝናቡ በላስቲኩ ላይ እየተንኳኳ ወደ ጎን ይፈሳል፤ ከሥሩ ያለው ቅጠል ደረቅ ነው። አንዱ ችግኝ በነፋስ ተሰብሮ ሞተ፤ ሌላው በምች ምልክት ተነቅሎ ተጣለ። የቀሩት ቆሙ።

ግንቦት ላይ አንደኛው ፍሬ ከሥሩ ወደ ላይ እየቀላ መጣ። ውብአየሁ ለዘር እንዲሆናት በዘንጉ ላይ ቀይ ክር አሰረችበት። በደንብ እስኪበስል ጥቂት ቀን ልታቆየው ነው። ማንም እንዳይነካው ለእማማ ሸጋ ነገረቻቸው፤ ለይኸነው ግን መንገር ረሳች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከቁርስ ቤት ስትመለስ ይኸነው በረንዳው ላይ ተቀምጧል። በአንድ እጁ ዳቦ ይዟል። ፊቱ ያለው ሳህን ላይ ለሁለት የተቆረጠ ቲማቲም፣ ከጎኑ ጨው። አንደኛው ግማሽ የለም።

“አቁም!” አለች ከበሩ።

ይኸነው አፉ እንደ ሞላ ደረቀ።

“ዋጥከው?”

በጭንቅላቱ አዎ አላት።

“ዘሩንም?”

ይኸነው አፉ ውስጥ የቀረውን እንደምንም አሳለፈ። “ዘሩ ከቲማቲሙ ጋር ነው የሚበላው እንጂ!”

“ቀይ ክር አላየህም?”

“አየሁት።”

“ታዲያ?”

“ለእኔ ያሰርሽው መስሎኝ” አለ።

ውብአየሁ እጇን በወገቧ ላይ አድርጋ አየችው። ከቤት ውስጥ እማማ ሸጋ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው በአገውኛ አንድ ነገር አሉ። ውብአየሁ ትርጉሙ ገባት፤ ስለ ልጃቸው ሆድ ነው። እሷም ሳቀች። ከዚያ ተንበርክካ የቀረውን ግማሽ አነሣች፤ ዘሩን በማንኪያ ፈልፍላ ብርጭቆ ውስጥ ከተተች፤ ሳህኑ ላይ የፈሰሰውን፣ ቢላው ላይ የተጣበቀውንም ሳይቀር ለቀመች። ይኸነው ዳቦውን ይዞ ይመለከታታል።

“እንዴት እንደሚጣፍጥ እንኳ አልጠየቅሽኝም” አለ በመጨረሻ።

“እንዴት ነው?”

“ዳንግላ የበላሁት ነው” አላት። “ያው ነው።”

የሰኔ ጾም ሲገባ በቁርስ ቤቱ የቲማቲም ለብለብ ቀረበ፣ ከጓሮ የተለቀመ። ፍሬው ብዙ አልነበረም፤ ቀድሞ የመጣ በላ፣ ዘግይቶ የመጣ ሽሮ በላ። በሐምሌ የቀለዱባት ደንበኞች “ቲማቲሟ” ማለታቸውን አልተዉም፤ አሁን ግን የሚሏት ተራ ለመያዝ ነው። ሃና የሥራ ባልደረቦቿን ይዛ ጓሮውን ልታይ መጣች፤ ላስቲኩን፣ ካቡን፣ ችካሉን አየች። “የታችኛውን ቅጠል ከዚህም ከፍ አድርጊና ቁረጪው” አለቻት። ውብአየሁ እዚያው ቆረጠችው።

ከዚያ በኋላ ሥራው መንገዱን ያዘ። በየዓመቱ ለዘር የምታስቀምጠው ትልቁን ፍሬ ሳይሆን ቀድሞ የበሰለውን ነበር፤ እሱንም ምች ካልነካው ግንድ ላይ። እንዲህ እያደረገች ከቆየች በኋላ የእንጅባራው ሽንሽን ከዳንግላው በመጠኑ አነሰ፤ ግን ቀድሞ ይበስላል፤ ብርዱንም ይችላል። ዘሩንም ከእንግዲህ በአንድ ጨርቅ አታስቀምጥም። ከፊሉ ቤት፣ ከፊሉ ቁርስ ቤት፣ ከፊሉ ከሃና ዘንድ ይቀመጣል።

በ2007 ዓ.ም. ውብአየሁ ሴት ልጅ ወለደች፤ ሶስና ተባለች። “በዚህ ዕድሜ?” ብለው የተገረሙ ነበሩ። “ገና መጀመሬ ነው” ትላቸው ነበር፣ ባሏ እየሰማ። ክርስትናው ግንቦት ላይ ዋለ። ይኸነው ሳያማክራት ዳንግላ ሄዶ ወርቅነሽን ይዟት መጣ። እህትማማቾቹ ከዚያ የዳንግላ ምሳ በኋላ በስልክ ከሰላምታ ያለፈ ነገር ተነጋግረው አያውቁም።

ወርቅነሽ ልጅቷን አቀፈች፣ ሳመች፣ መረቀች። ማዕዱ ቀረበ። ከሰላጣው አንድ ጊዜ ጎረሰችና ማኘኳን አቆመች። ከእንግዶቹ መሐል እህቷን በዓይኗ ፈለገቻት፤ ውብአየሁም እያየቻት ነበር።

ወርቅነሽ ተነሥታ አጠገቧ ሄዳ ቆመች። “የእማዬ ነው” አለች በዝግታ።

“የእማዬ ነው።”

“አይጥ በላው ያልኩሽ እውነቴን ነው።”

“አውቃለሁ። እኔም ሳላስቀር የዘራሁት እውነቴን ነው።”

ወርቅነሽ ወደ ጓሮው መራመድ ጀመረች፤ ውብአየሁም ልጇን አቅፋ ተከተለቻት። በካቡ ሥር በላስቲኩ ጥላ ፍሬው ቀልቶ ተንጠልጥሏል። ወርቅነሽ አንዱን በመዳፏ ደገፍ አድርጋ ሽንሽኑን በአውራ ጣቷ ዳበሰችው።

“ትሰጪኛለሽ?”

“እሰጥሻለሁ። ግን ለገበያ አትትከዪው። ለቤት ብቻ። የሱቁን ለገበያ፣ የእማዬን ለሚቀመጥ እንግዳ። እንዳይዳቀሉ ሁለቱንም አጠገብ ለአጠገብ አትትከዪ።”

“አሁንም ታዢኛለሽ” አለች ወርቅነሽ።

“ታላቅሽ ነኝ።”

እህትየው ሳቀች፤ የሕፃኗን ጉንጭ ሳመችና “አክስትሽ እኮ ናት እንዲህ የሚያዟት” አለቻት። በዓመቱ ዳንግላው ምግብ ቤት ሽንሽኑ ተመልሶ መጣ። የድሮ ደንበኞች አነሰ ቢሉም፣ በጣዕሙ ግን ማንም አልተከራከረም።

ውብአየሁ ከዚያ በኋላ ችግኝ መሸጥ ጀመረች። በከተማው ዩኒቨርሲቲ ሲሠራ የመጡ ሠራተኞች ሚስቶች፣ የቢሮ ሰዎች፣ የጎረቤት ሴቶች በየጓሯቸው የሚተክሉትን ከእሷ ይወስዱ ነበር። በ2009 ዓ.ም. የካቲት ላይ ጣሳዎቿን ደርድራ በአቅራቢያዋ ወዳለችው የግምጃ ቤት ከተማ ገበያ ወጣች። ከሻጮቹ መሐል ቲማቲም በፍሬ ሳይሆን በችግኝ የያዘች እሷ ብቻ ስለነበረች ብዙ ሰው ቆሞ ጠየቀ፤ ጥቂቱ ገዛ። ከገዙት አንዷ ከላይ ከደጋው የመጣች፣ ገብስና ድንች ብቻ የምታውቅ ወጣት ሴት ነበረች። “እኛ ዘንድ ብርዱ ከዚህ ይብሳል” ብላ ስታመነታ፣ ውብአየሁ ሁለት ጣሳ ጨምራ በነፃ ሰጠቻት።

“የሆነውን መጥተሽ ንገሪኝ” አለቻት።

በሚቀጥለው የካቲት ውብአየሁ እዚያው ቦታ ተቀምጣ ሳለች ሴትዮዋ ከሕዝቡ መሐል ወጣች። ፊቷ ደስ ያለው አይመስልም። ባዶ ጣሳዎቹን ይዛ መጥታለች፤ አጥባ፣ አንዱን በአንዱ ውስጥ ከትታ።

“ሞተ” አለች። “ሁሉም ሞተብኝ። ጣሳሽን ልመልስልሽ ነው።”

“ሁሉም?”

“ሁሉም። አንዱ ብቻ አብቦ ነበር።”

ውብአየሁ ቀና አለች። “አበበ? የትኛው ነው ያበበው? የት ተክለሽው ነበር?”

“ከምድጃ ቤቱ ግድግዳ ሥር። ግን ፍሬ ሳይዝ…”

“ካበበ ፍሬም ይይዛል” አለች ውብአየሁ። ካመጣቻቸው ችግኞች መሐል አጭሩንና ግንዱ የወፈረውን እየመረጠች በተመለሱት ጣሳዎች አጠገብ ደረደረችላት። “ዘንድሮ ሁሉንም እዚያ ግድግዳ ሥር አድርጊው። ነይ ተቀመጪ። ፀሐይዋ በየት በኩል እንደምትመታው ንገሪኝ።”

ሴትዮዋ ትንሽ አመነታች። ከዚያ ነጠላዋን ሰብስባ አጠገቧ ተቀመጠችና በእጇ እያሳየች መናገር ጀመረች።